ከካርታው ውጭ የተገኘ ዓሣ ነባሪ፤ ማንነቱ እንዴት ይታወቃል?

በ1955 ሞቃዲሾ ውስጥ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካ ወለል ላይ አንድ የራስ ቅል ወድቆ ተገኘ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዓሣ ነባሪ ራስ ቅል ነበር። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ዳናኔ ከሚባል የሶማሊያ የባሕር ዳርቻ ያነሱት። ማዳበሪያ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ስለሱ የሚያወራ አይኖርም ነበር። ደግነቱ ተረፈ። ጣሊያናዊቷ ተመራማሪ ማሪያ ሉዊዛ አዛሮሊ አጥንተውት በ1968 ማንነቱን ይፋ አደረጉ።

እስከዚያ ድረስ ይህ ዝርያ በመላው ዓለም የሚታወቀው በአንድ የራስ ቅል ብቻ ነበር። ያኛው በ1882 አውስትራሊያ ውስጥ፣ በኩዊንስላንድ ግዛት፣ ማካይ በምትባል ከተማ የተገኘ ነው። ሄበር ሎንግማን የተባሉ ሰው በ1926 ስለሱ ጽፈው ስለነበር የሎንግማን ዓሣ ነባሪ ይባላል። ከማካይ እስከ ሶማሊያ ዳርቻ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት የአውስትራሊያውን ራስ ቅል «ይሄ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም፣ የምናውቀው የሌላ ዓሣ ነባሪ ነው» ይሉ ነበር። የዳናኔው ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሁለት ራስ ቅል፣ በሁለት የተራራቀ ዳርቻ፣ አንድ ዓይነት መልክ። በዚያው በ1968 ዝርያው የራሱ ሳይንሳዊ ወገን ተሰጠው። ከዚያ በኋላም እስከ 2003 ድረስ የሚታወቁት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ይህን ታሪክ የምወደው ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ነው። ድሬዳዋ ባሕር የለም። ግን ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እዚህ ከደረሰ ጀምሮ የከተማችን ኑሮ ከወደቡ ጋር የተሳሰረ ነው። ዛሬም ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ የባቡር ሠራተኛው ይመላለሳል። ከነሱ ስልክ ደግሞ አልፎ አልፎ ቪዲዮ ይመጣል። አሸዋ ላይ የተጋደመ፣ ያበጠ፣ የጠቆረ ግዙፍ ነገር። ከሥሩ ክርክሩ ይጀመራል። «ሻርክ ነው።» «አቦ፣ ዓሣ ነባሪ ነው!» «እዚህ ባሕር ላይ ዓሣ ነባሪ የለም።»

እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። «እዚህ የለም» የሚለው። ተራ ሰው ብቻ አይደለም እንዲህ የሚለው። የተማረ ባለሙያም ሳያውቀው በዚህ ሐሳብ ይመራል። ብዙ የዓሣ ነባሪ ስሞች የተሳሳቱት ደግሞ እዚህ ላይ ነው።

ካርታው ከየት መጣ?

አንድ ዝርያ የሚኖርበትን አካባቢ የሚያሳዩ ካርታዎች አሉ። በመጻሕፍት ውስጥ ሰማያዊው ባሕር ላይ በሌላ ቀለም ተቀብተው ታያላችሁ። ሲታዩ የተጣራ እውነት ይመስላሉ። ግን የተሠሩት ከምንድን ነው? ሰው በመርከብ ሄዶ ካየው፣ የድሮ አዳኞች ከመዘገቡት፣ ማዕበል ወደ ዳርቻ ከተፋው፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በባሕር ውስጥ ድምፅ መቅጃዎች ከተሰማው። ያልተቀባው ቦታ ዓሣ ነባሪው የሌለበት ሊሆን ይችላል። ማንም ሄዶ ያልፈለገበትም ሊሆን ይችላል። ካርታው ሁለቱን አይለይም።

የእኛ ቀጣና በዚህ በኩል ብዙ ተበድሏል። ጦርነትና የባሕር ላይ ዝርፊያ የአጥኚ መርከቦችን ከሶማሊያ ዳርቻ ለረጅም ዓመታት አርቀዋል። ቀይ ባሕርን የሚመለከት ሰፊ ምርመራ የታተመው በ2017 ነው። የድሮ መዛግብትን አንድ በአንድ አጣርቶ 16 የዓሣ ነባሪና የዶልፊን ዝርያዎች መኖራቸውን አረጋገጠ። ከነዚህ ውስጥ በመደበኛነት የሚታዩት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «እዚህ ዓሣ ነባሪ የለም» ላለው ሰው መልሱ አለ። አለ። የትኛው እንደሆነ ማወቁ ነው ከባዱ።

አንዳንዶቹ ደግሞ መርከብ ቢሄድም አይታዩም። ባለ ምንቃር የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከ20 በላይ ዝርያ አላቸው። የሎንግማኑም ከነሱ ነው። ኑሯቸው ጥልቅ ባሕር ውስጥ ነው። የኩቪየር ዓሣ ነባሪ የሚባለው ዘመዳቸው 2,992 ሜትር ድረስ ሲጠልቅ ተመዝግቧል። አንዱ ደግሞ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ሳይተነፍስ ቆይቷል። ለትንሽ ደቂቃ ብቅ ብሎ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይጠፋል። እንዲህ ያለ እንስሳ የት የት እንደሚኖር የምናውቀው በአብዛኛው ሞቶ ዳርቻ ላይ ሲገኝ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ በድን ትልቅ ማስረጃ ነው። ስሙ ከተሳሳተ ካርታው አብሮ ይሳሳታል። የተሳሳተው ካርታ ደግሞ የሚቀጥለውን በድን ስም ያሳስታል።

በሁለት በኩል የሚያስት ነገር

ስህተቱ በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው «እዚህ የሚኖረው እሱ ስለሆነ እሱ ነው» ብሎ መደምደም ነው።

በ2010 የመጨረሻ ቀን ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ኦፓፔ የሚባል ዳርቻ ላይ እናትና ግልገል ወጥተው ሞቱ። እናቲቱ 5.3 ሜትር ነበረች። ያዩዋቸው ባለሙያዎች የግሬይ ዓሣ ነባሪ ብለው መዘገቡ። እዚያ አገር በብዛት ወደ ዳርቻ የሚወጣ ባለ ምንቃር እሱ ነው። ግምቱ ምክንያታዊ ነበር። እንደ ደንቡ ትንሽ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። ውጤቱ ሲመጣ ግሬይ አልነበሩም። አካፋ ጥርስ የሚባለው ዝርያ ሆነው ተገኙ። ይህ ዝርያ ከ1872 ጀምሮ የሚታወቀው በሦስት የአጥንት ቁራጮች ብቻ ነበር። ሁለቱ ከኒውዚላንድ፣ አንዱ ከቺሊ ደሴት። ሙሉ ሰውነቱን ያየ ሰው አልነበረም። በ140 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ አካል ዳርቻ ላይ ተጋድሞ፣ ባዩት ሰዎች ፊት፣ በሌላ ስም ተመዘገበ። ያቺ ቁራጭ ሥጋ ባትወሰድ ኖሮ እስከ ዛሬም በዚያው ስም ይቀር ነበር። በ2024 በዚያው አገር አንድ ወንድ ሲገኝ ግን ጥንቃቄው ሌላ ነበር። ወዲያው ከዳርቻው ተነሳ፣ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ማኦሪ ከሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ጋር በመሆን በሥርዓት ተመረመረ።

ሁለተኛው ስህተት ተቃራኒው ነው። «የምናውቀው ዝርያ ከአገሩ ውጭ ተገኘ» ብሎ መደሰት።

ከ1975 እስከ 1979 ካሊፎርኒያ ዳርቻ ላይ አራት ትንንሽ ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪዎች ተገኙ። አጥንታቸው የሄክተር ዓሣ ነባሪን ይመስላል። ሄክተር ደግሞ የሚኖረው በደቡባዊው የዓለም ክፍል ነው። ስለዚህ «ሄክተር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰሜን ተገኘ» ተብሎ ተጻፈ። ዓመታት አለፉ። በ1990ዎቹ ዲኤንኤያቸው ከእውነተኛው ሄክተር ጋር ሲነጻጸር አልገጠመም። ጭራሽ ሩቅ ሆነ። አምስተኛ አካልም ተጨመረ፤ እሱን ደግሞ ሰዎች የኩቪየር ግልገል ብለውት ነበር። በ2002 አምስቱም አዲስ ዝርያ ተብለው የፔሪን ዓሣ ነባሪ የሚል ስም አገኙ። ሄክተር ከአገሩ አልወጣም። ለ20 ዓመት ያህል «ከካርታው ውጭ የተገኘ» የተባለው እንስሳ እዚያው ሰፈሩ ነበር። ስሙን የሚያውቅለት ጠፍቶ እንጂ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የማይለቀኝ ነገር አለ። «ከአገሩ ውጭ ነው» ማለት ሁለት ነገር ማለት ነው። አንድ፣ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት፣ አገሩን አውቃለሁ። ከሁለቱ አንዱ ከተናጋ ሌላው አይቆምም። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን ሰውነቱ ይናገር። ካርታው ከዚያ በኋላ ይታያል።

ሰውነቱ ምን ይናገራል?

መጀመሪያ አፉ ይታያል። ዓሣ ነባሪዎች በሁለት ትልልቅ ጎራ ይከፈላሉ፤ ጥርስ ያላቸውና ባሊን ያላቸው። ባሊን ከላይኛው መንጋጋ ጥግ ለጥግ ተደርድረው የሚንጠለጠሉ ቀጫጭን ሰሌዳዎች ናቸው። የተሠሩት ጥፍራችን ከተሠራበት ንጥረ ነገር ነው። እንስሳው አፉን ሞልቶ ውኃ ይወስዳል፣ ውኃውን በነሱ መሐል ያስወጣል፣ ትንንሹ ዓሣና ሌላው ምግብ ውስጥ ይቀራል። አፉ የማይታይ ከሆነ የመተንፈሻውን ቀዳዳ ተመልከቱ። ባሊን ያላቸው ሁለት ቀዳዳ አላቸው። ጥርስ ያላቸው አንድ።

ቀጥሎ ርዝመት ነው። የሚለካው ከላይኛው መንጋጋ ጫፍ እስከ ጅራቱ መሐል ስንጥቅ፣ ቀጥ ባለ መስመር ነው። በሆዱ ላይ ሜትሩን እያጠማዘዙ ከለኩ ያበጠው አካል ቁጥሩን ያረዝመዋል።

እስቲ በእኛ በኩል ሊያጋጥም የሚችል አንድ ጉዳይ እንውሰድ። አሥር ሜትር የሚሆን ባሊን ያለው ዓሣ ነባሪ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ላይ ተገኘ እንበል። የቀኝ የታችኛው መንጋጋው ነጣ ያለ ነው። የግራው ጥቁር። መጽሐፍ የገለጠ ሰው ቶሎ «ፊን ዓሣ ነባሪ» ይላል። ምክንያቱም ፊን በዚህ በቀኝና ግራ ልዩነቱ የታወቀ ነው። ፊን ግን ሲያድግ ከ20 ሜትር ይበልጣል። «እንግዲያው ወጣት ፊን ይሆናል፣ መንገድ ስቶ መጥቶ ነው» ይባላል። ዜናውም «ከአገሩ ውጭ የተገኘ ፊን» ይሆናል።

ግን ሌላ አማራጭ አለ። ኦሙራ የሚባል ዓሣ ነባሪ አለ። እሱም የቀኝ መንጋጋው ነጭ፣ የግራው ጥቁር ነው። ርዝመቱ ከ12 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሞቃት ባሕር ውስጥ ይኖራል። ከላይ በጠቀስኩት የቀይ ባሕር ዝርዝር ውስጥም አለ። እንዲህ ያለ ግዙፍ እንስሳ በሳይንስ ስም ያገኘው በ2003 ነው! ከዚያ በፊት ትንሽ ዓይነት የብራይድ ዓሣ ነባሪ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ስሙ የተሰጠው ጃፓኖች በ1970ዎቹ መጨረሻ በያዟቸው ስምንት አካላትና በ1998 ጃፓን ውስጥ ሱኖሺማ ደሴት አጠገብ በሞተ አንድ አካል ላይ ተመሥርቶ ነው። ማዳጋስካር ላይ ኖሲ ቤ ደሴት አጠገብ ያሉትን የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም መጀመሪያ ብራይድ መስለዋቸው ነበር።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ራሱን ከላይ እዩት። ብራይድ አናቱ ላይ ከአፍንጫው ጫፍ ወደ መተንፈሻው የሚሄዱ ሦስት የጎሉ መስመሮች አሉት። ኦሙራ በግልጽ የሚታየው አንዱ፣ የመሐሉ ነው። ሁለቱንም መንጋጋ እዩ፣ ቀኙንም ግራውንም። ከዚያ የባሊን ሰሌዳዎቹ ይቆጠራሉ። ኦሙራ በአንድ በኩል ወደ 200 የሚሆን አለው። ፊን ቢያንስ 260፣ አንዳንዴ ከ400 በላይ። ይህ ቆጠራ ቆዳው ሁሉ ተልጦ ካለቀ በኋላ እንኳ ይሠራል። ለዚህ ነው ባሊን ያለበትን መንጋጋ ቆርጦ ለጌጥ መውሰድ ትልቅ ጥፋት የሚሆነው። መታወቂያውን መውሰድ ነው።

ጥርስ ያላቸው ላይ፣ በተለይ ባለ ምንቃሮቹ ላይ፣ ነገሩ ይከብዳል። አብዛኞቹ ወንዶች በታችኛው መንጋጋ ላይ ሁለት ጥርስ ብቻ አላቸው። የአንዱ ዝርያ ጫፍ ላይ፣ የሌላው መሐል ላይ፣ የአንዱ ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ። ወንድ ከሆነና ጥርሱ ካልተነቀለ ዕድል አለ። የሴቶቹና የግልገሎቹ ጥርስ ግን በአብዛኛው ከድድ አይወጣም። በውጭ መልክ ብቻ ሴት ባለ ምንቃርን በእርግጠኝነት «ይህ ዝርያ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመኝ አላምነውም። «ባለ ምንቃር፣ ዝርያው ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ክብር ነው እንጂ ውርደት አይደለም። የተሳሳተ ስም አንዴ መዝገብ ከገባ ለማውጣት አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ሙቀት አለ። የጅቡቲ ሙቀት ሥጋን ምን እንደሚያደርግ ለድሬ ሰው አላስረዳም። ዓሣ ነባሪ ሲሞት ቆዳው ይጠቁራል። ነጩ ቦታ ይጠፋል። ከዚያ የላይኛው ቆዳ ሲላጥ ከሥሩ ነጭ ይወጣል፤ በሕይወት እያለ ያልነበረ ነጭ። ሆዱ ይነፋል፣ ምላሱ ወጥቶ ያብጣል፣ ሻርክና ወፍ የጀርባውን ክንፍ ይቆርጣሉ። ትንሽ ከቆየ ቅርፁ ራሱ ይጠፋል። በ2003 ቺሊ ዳርቻ ላይ 12 ሜትር የሚረዝም፣ 13 ቶን የሚመዝን፣ አጥንት የሌለው የሚመስል ነጭ ክምር ተገኘ። ግዙፍ ኦክቶፐስ ነው ተባለ፣ ዓለም ሁሉ አወራ። በዓመቱ ዲኤንኤው ሲታይ የስፐርም ዓሣ ነባሪ ስብ ነበር።

የዲኤንኤ ምስክርነት

ከላይ ደጋግሜ ዲኤንኤ ያልኩት ለዚህ ነው። የአተር ፍሬ የምታህል ቆዳ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ከገባች ትበቃለች። ቆዳ ከሌለ ከጥርስ ወይም ከአጥንት ተሰርስሮ ይወጣል። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ክፍል ነው። በየሴሉ ብዙ ቅጂ ስላለው በበሰበሰ አካል ውስጥ እንኳ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ግን ዲኤንኤ ብቻውን ስም አይነግርም። የሚያነጻጽሩት ሌላ ይፈልጋል። ማንነቱ በአጥንትም የተረጋገጠ ናሙና መዝገቡ ውስጥ ከሌለ ውጤቱ «ከማንም ጋር አልገጠመም» ብቻ ይሆናል። ለዚህ ሙዚየሞች ውስጥ አቧራ የሚጠጡት አጥንቶች ዋጋ አላቸው። በ1963 ስሪላንካ ውስጥ አንዲት ባለ ምንቃር ዳርቻ ላይ ወጣች። የአገሩ ሳይንቲስት ዴራኒያጋላ «አዲስ ዝርያ ናት» አሉ። በ1965 ሌሎች «አይ፣ የሌላ የታወቀ ዝርያ ናት» ብለው ስሙን ሠረዙት። አጥንቷ ግን ተቀመጠ። በ2014 ከሲሸልስ፣ ከማልዲቭስና ከፓስፊክ ደሴቶች ከተሰበሰቡ ሌሎች ጋር ተነጻጸረ። ሰባት ናሙና። ሰውዬው ልክ ነበሩ። ከ51 ዓመት በኋላ ስሙ ተመለሰ። የሎንግማኑም እንዲሁ ነው። በ2003 ከኬንያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከማልዲቭስ አራት ተጨማሪ ተለይተው ሲወጡ፣ አንዳንዶቹ አካላት ለዓመታት በሙዚየም የተቀመጡ ነበሩ።

እንዴት እዚህ ደረሰ?

ስሙ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ይህ ጥያቄ የሚመጣው። ከፊራ በሚባለው የከተማችን ገበያ ያለ ብርድ ልብስ በጅቡቲ በኩል ስለመጣ ጅቡቲ ተሠራ አይባልም። በድንም እንደዚያ ነው። ያበጠ አካል ይንሳፈፋል፤ ነፋስና የባሕር ሞገድ ከሞተበት ርቆ ይወስደዋል። ትልልቅ መርከቦች ደግሞ ገጭተው አፍንጫቸው ላይ ተሸክመው ወደብ ድረስ ያመጡታል። ጅቡቲ አጠገብ የሚያልፈው የመርከብ መንገድ በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛባቸው አንዱ ስለሆነ፣ ይህ ለእኛ ቀጣና በቁም ነገር የሚታሰብ ነው። አካሉ ምን ያህል እንደበሰበሰ፣ ጎድን አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ትኩስ ምግብ እንዳለ የሚታየው ለዚህ ነው።

ሲጠፋ የመጣም አለ። በ2010 ግንቦት ወር ግራጫ ዓሣ ነባሪ እስራኤል ዳርቻ፣ ሄርዝሊያ አጠገብ ታየ። ይህ ዝርያ ከአትላንቲክ የጠፋው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ዛሬ የሚኖረው ፓስፊክ ውስጥ ብቻ ነው። ከ22 ቀን በኋላ ባርሴሎና አጠገብ ታየ። ጅራቱ ላይ ያለው ምልክት ስለገጠመ ያው እሱ መሆኑ ታወቀ። በ2013 ሌላ ናሚቢያ ላይ ታየ፤ ዲኤንኤው ከምዕራብ ፓስፊክ መምጣቱን አመለከተ። በ2024 ደግሞ አንዱ አሜሪካ ላይ፣ ናንተኬት ደሴት አጠገብ ታየ። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ከአርክቲክ በረዶ መቅለጥ ጋር ያያይዙታል። በበጋ መንገዱ ይከፈታል።

አንዳንዱ ግን እንግዳ የሚመስለው ስላልተፈለገ ነው። በ2013 ሞሪታኒያ ላይ አራት ሜትር የማይሞላ ወንድ ግልገል ሞቶ ተገኘ። በዲኤንኤ ኦሙራ ሆነ። ኦሙራ እስከዚያ አትላንቲክ ውስጥ አይታወቅም ነበር። ያን የሚያህል ግልገል ከሕንድ ውቅያኖስ አፍሪካን ዞሮ መጣ ማለት ይከብዳል። ብራዚል ዳርቻ ላይም ሌላ ተገኘ። ቆይቶ አትላንቲክ መሐል የኦሙራ ድምፅ ተቀዳ። ሦስት ማስረጃ፣ በሦስት ቦታ። እዚያ የሚኖሩ ኦሙራዎች መኖራቸው አሁን በጣም የሚያስኬድ ነው። የሞሪታኒያው ግልገል መንገድ ስቶ የመጣ ነው ብሎ መዝጋቱ ቀላል ነበር። ያልዘጉት ሰዎች ልክ ናቸው።

ዝርያው ታውቆም ጥያቄው ላያልቅ ይችላል። ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ በየውቅያኖሱ አለ። ዓረብ ባሕር ውስጥ ያሉት ግን የተለዩ ናቸው። ሌሎቹ በየዓመቱ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ሲጓዙ እነዚህ አይሄዱም። ከሌሎቹ ከተለዩ ወደ 70 ሺህ ዓመት ሆኗቸዋል። ኦማን አካባቢ ያሉት ከመቶ በታች ናቸው ተብሎ ይገመታል። ጅቡቲ ዳርቻ ሞቶ የተገኘ ሃምፕባክ ከነዚህ ከሆነ ሐዘኑ ከባድ ነው። ከደቡብ የመጣ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ሁለቱን የሚለየው የጅራቱ ሥር ፎቶና ያቺ የአተር ፍሬ የምታህል ቆዳ ናት።

እዚያ ለምትደርሱ

ስለዚህ ጅቡቲ፣ ታጁራ፣ ዘይላ ወይም በርበራ ለምትመላለሱ ወንድሞችና እህቶች አንድ ልመና አለኝ። የዓሣ ነባሪ በድን ካያችሁ ስም ለመስጠት አትቸኩሉ። ፎቶ አንሱት። ሙሉ አካሉን ከጎን፣ ከቀኝም ከግራም። ራሱን ከላይ። አፉን፣ ከተከፈተ ውስጡን። ጉሮሮው ላይ ያሉትን መስመሮች። የጀርባውን ክንፍ፣ የጅራቱን ሥር። ጎኑ ላይ መጠኑ የታወቀ ነገር አድርጉ፤ የሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ ይበቃል። እሱ ከሌለ ርዝመቱን በእርምጃ ለኩና ጻፉ።

አትንኩት፣ አትውጡበት። ወደ ሰው የሚተላለፉ ጀርሞች አሉት። ውስጡ የታመቀው ጋዝም አደገኛ ነው። በ2004 ታይዋን፣ ታይናን ከተማ ውስጥ በመኪና ይጓጓዝ የነበረ ስፐርም ዓሣ ነባሪ መሐል መንገድ ላይ ፈንድቷል። ጥርስና አጥንት ይዛችሁ ወደ ድሬ አትምጡ። ድንበር ማሻገሩን ዓለም አቀፍ ስምምነት ይገድበዋል፤ ከዚያ በላይ ግን ሊመረምር ለሚመጣው ሰው ማስረጃውን ያሳጣዋል። ለቦታው ፖሊስ ወይም ለወደብ ሰዎች ተናገሩ።

ፎቶውንም ስትልኩ ተጠንቀቁ። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል፣ ቀኑንና ቦታውን የያዘው መረጃም ይወገዳል። እንደ ፋይል ላኩት። የስልካችሁ ካሜራ ቦታ መመዝገቡ አስቀድሞ ይከፈት። ኦሪጅናሉን ስልኩ ላይ አትሰርዙ። ከሥሩ ቀኑን፣ የቅርቡን መንደር ስም፣ የአካሉን ሽታና ሁኔታ በሁለት መስመር ጻፉ። የተቆረጠ፣ ዘፈን የተጨመረበት፣ ከሰው ወደ ሰው 20 ጊዜ የዞረ ቪዲዮ ለማንም አይሆንም። ቀኙም ግራውም የሚታይበት፣ ቀንና ቦታ ያለው አንድ ፎቶ ግን ባለሙያ እጅ ሲገባ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን ስም ሊያወጣለት ይችላል።